ሳይሰምር ያስገባሁት ስለት

ይህ ነገር የደረሰብኝ አምና ሐምሌ ውስጥ ነው። ዓመት ሞላው፤ እኔ ግን እጄን በሳሙና በታጠብኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል። እጁ ሲያዳልጠው የሚደነግጥ ሰው አይታችሁ አታውቁ ይሆናል፤ አንዱ እኔ ነኝ።

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። በከተማው እጄ ያልነካው ጭንቅላት የለም ብል ትንሽ ብቻ ነው የማጋንነው። ሰው እኔ ጋ የሚመጣው ለመቆረጥ ብቻ አይደለም፣ ለመሳቅም ነው። አንዱን ደንበኛዬን በሳቅ አንፈራፍሬው ጆሮውን ልቆርጥለት ምንም አልቀረኝም ነበር። ይሄኛው ግነት የለበትም፤ ጠባሳው አለ።

ይህን የምነግራችሁ ቀልደኛ ሰው ቂም አይዝም ብላችሁ እንዳትታለሉ ነው። እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ጠልቼ ኖሬያለሁ። ከጠዋት እስከ ማታ እየቀለድኩ።

የጠላሁት ሰው ሰይድ ይባላል። ዓሣ አስጋሪ ነው። ከታናሽ ወንድሜ ከደረጀ ጋር አብሮ ያደገ ነው። ቤታችን አጥር ለአጥር ነበር። እናታችን ገና በልጅነታችን ስትሞት እኔንም ደረጀንም አብልታ ያሳደገችን የሰይድ እናት እት ዘይነባ ናት። እኛ ስንጾም ሽሯችንን በሌላ ድስት ትሠራልን ነበር። በረመዳን ደግሞ ከሁሉም ቀድሞ ለማፍጠር የሚቀመጠው፣ ቀኑን ሙሉ ሲበላ የዋለው ደረጀ ነው። ሁለቱ ልጆች ሲጎረምሱ መረቡንም ታንኳውንም የጋራ አደረጉ።

የዛሬ ሰባት ዓመት ነሐሴ ላይ፣ አንድ ቀን ማለዳ መረብ ሊያወጡ ሐይቁ ውስጥ ገቡ። ነፋስ ተነሣና ታንኳዋ ተገለበጠች። ሰይድ ብቻውን ወጣ። ወሬውን ሰምቼ መቀሱን በእጄ እንደያዝኩ ሮጬ ዳር ስደርስ፣ ጭቃው ላይ ተቀምጦ ይንቀጠቀጣል። ደረጀስ አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ።

«እጁን ይዤው ነበር» አለ። «ለቀቅኩት።»

ደረጀ የወጣው በሦስተኛው ቀን ነው። እንዴት ሆኖ እንደወጣ አልጽፍም። ከፀጉሩ ውስጥ የሐይቁን ሣር አንድ በአንድ የለቀምኩለት እኔ ነኝ። በሕይወቴ አፌን ዘግቼ የሠራሁት ፀጉር እሱ ብቻ ነው።

ሰይድ ለቅሶ መጣ። ሰው ሁሉ ባለበት ተነሥቼ፣ አንተ ለቅቀኸው አንተው ልታለቅስለት ነው ወይ ብዬ ከድንኳኑ አስወጣሁት። አንገቱን ደፍቶ ወጣ። አልተከራከረኝም። አለመከራከሩን እንደ እምነት ቃል ወሰድኩበት።

በእኛ አገር ቅሬ የሚባል ማኅበር አለ። እስላሙንም ክርስቲያኑንም አንድ ላይ የያዘ ነው፤ ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍረው፣ ድንኳን የሚተክለው፣ የተጣላውን የሚያስታርቀው እሱ ነው። የቅሬያችን ሰብሳቢ አያ መሐመድ ሽማግሌ ይዘው ሦስት ጊዜ ቤቴ መጡ። ሦስቱንም ጊዜ በቀልድ ሸኘኋቸው። አንዴማ ሆዳቸውን ይዘው እየሳቁ ወጥተው፣ የመጡበት ጉዳይ ትዝ ያላቸው ዋናው አስፋልት ላይ ሲደርሱ ነው አሉ። ተመልሰው ሲመጡ ሱቁን ዘግቼ ሄጃለሁ።

ሰይድ በሱቄ ፊት ለፊት ማለፍ አቆመ። ፀጉሩን የሚቆረጠው ውጫሌ ሄዶ እንደሆነ ሰማሁ። የአምባሰልን ዳገት ወጥቶ ወርዶ! ሰምቼ ደስ አለኝ። ስሙ በተነሣ ቁጥር ደንበኞቼን፣ ፀጉር መቆረጥ ከአውቶቡስ ቲኬት የሚረክስበት አገር እዚህ ነው እያልኩ አስቃቸው ነበር።

እት ዘይነባ ግን መምጣቷን አልተወችም። ደረጀ የሞተበት ቀን በደረሰ ቁጥር የበቆሎ እሸት በነጠላዋ ቋጥራ መጥታ ደንበኞች የሚጠብቁባት አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች። ብዙ አታወራም። መጀመሪያው ዓመት ላይ፣ እማማ፣ ለልጅሽ ብለሽ ከሆነ አትድከሚ አልኳት። «ደረጀም ልጄ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ምንም አላልኳትም። እሸቱን እቀበላታለሁ፣ ትቀመጣለች፣ ትሄዳለች። አምስት ነሐሴ እንደዚያ አለፈ።

አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ። በሁለተኛው ዓመት ግሸን ማርያም ሄድኩ። ከአውቶቡስ ወርጄ ያንን አቀበት ስወጣ፣ ሰው ሁሉ በሆዱ ልመናውን ይዟል። አንዱ ልጅ፣ አንዷ ጤና። እኔ ይዤ የወጣሁት ሰይድን ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ቅጽር ተደግፌ፣ እመቤቴ፣ ይህን ሰው ከሐይቅ ንቀይልኝ፤ ወይ ከከተማው ወይ ከዓለም፤ ያደረግሽው እንደሆነ ባለወርቅ ዘርፍ ጥላ አስገባልሻለሁ ብዬ ተሳልኩ። ከዓለም ማለቴን ደግሜ አሰብኩበት፣ ግን አላነሣሁትም።

ስለቱ አልሰመረም። የአገሩ ወጣት ሁሉ ተጠራርጎ ዓረብ አገር ሲገባ፣ ሐይቅ ላይ የቀረው ወንድ ሰይድና እኔ ብቻ እስክንመስል ድረስ እሱ እዚያው መረቡን ይጥላል።

ጸሎቴም ተበላሽቶ ነበር። አባታችን ሆይ ስል፣ የበደሉንን ስለ ይቅር ማለት የምትለዋ ቦታ ስደርስ ሳል ይይዘኛል። ስስል አልፋታለሁ። ለዓመታት እዚያችው ላይ ሳልኩ። የሳንባ ሳል ቢሆን ኖሮ ከተቀበርኩ ቆይቻለሁ። አንድ እሑድ የንስሐ አባቴ መምሬ አስረስ ከጎኔ ቆመው ኖሮ ሰሙኝ። ከቅዳሴ በኋላ ዛፍ ሥር አስቀመጡኝና፣ ሳሉ ሁልጊዜ እዚያችው ቦታ ላይ ነው ወይ አሉኝ። መዋሸት አቃተኝ። ስለቱንም ጭምር ነገርኳቸው።

«እመቤታችንን ደንብ አስከባሪ አደረግሃት?» አሉኝ።

ከዚያ ቀኖና ሰጡኝ። ስግደት አይደለም። በየጠዋቱ ለሰይድ፣ ስሙን ጠርቼ፣ መልካም እንድለምንለት ነው። እስክታረቀው ድረስ ቁርባን የለም። አባቴ፣ ልቤ ውስጥ የሌለውን እንዴት ብዬ አልኳቸው።

«ልብህን አልጠየቅኩህም። አፍህን ነው የጠየቅኩህ። ሥራ ፈቶ አያውቅም፣ ይህንንም ይሥራ።»

ጀመርኩ። መጀመሪያ መጀመሪያ አጭበረበርኩ። ጌታ ሆይ፣ ሰይድን ባርከው፣ ቪዛም ስጠው፣ ጅዳም አድርሰው እል ነበር። ሰንብቼ ቪዛውን ተውኩት። ጌታ ሆይ፣ ሰይድን ጠብቀው፣ ብቻ። ጥርሴን ነክሼ፣ ሱቅ ከመክፈቴ በፊት፣ መስታወቱን እየወለወልኩ። አምስት ወር እንደዚያ አልኩ። ምንም የተለወጠ ነገር አልታየኝም። ጥላቻው እንዳለ ነበር፤ ስሙ ብቻ አፌ ላይ ለመደ።

ሐምሌ ገባ። አንድ ቀን ጠዋት ዝናብ እየዘነበ የቅሬው ለፋፊ በየሰፈሩ ሲጮህ ሰማሁ። እት ዘይነባ ሞታለች።

ተቀመጥኩ። አለቀስኩ። ካለቀስኩ በኋላ ግን ሌላ ነገር መጣብኝ፤ ብደብቃችሁ ይህን መጻፌ ዋጋ የለውም። አሁን እሱም ይቅመሳት አልኩ። በሆዴ ውስጥ አንድ ቀዝቃዛ ደስታ ሲንቀሳቀስ ታወቀኝ።

የመቃብር ቆፋሪነት ተራው የእኛ ምድብ ነበር። በቅሬ ሕግ ተራው የደረሰው ሰው፣ ሟቹ የማን ይሁን የማን፣ ዶማውን ይዞ ይወጣል። አያ መሐመድ ልጅ ልከው፣ ካልመጣሁ እንደማይከፋቸው፣ በምትኬ ሌላ ሰው እንደሚያስገቡ ነገሩኝ። እመጣለሁ አልኩ። ለእት ዘይነባ ብዬ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ሰይድ ሲሰበር ለማየት ነው።

ቆፈርን። ዝናብ የጠገበ ጥቁር አፈር ነው፤ ዶማው ላይ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። ጉድጓዱ ከደረቴ አለፈ። እኔ ያለወትሮዬ አልቀለድኩም፤ አብረውኝ የሚቆፍሩት ሁለቱ ሰዎች አሞኝ እንደሆነ ጠየቁኝ።

ሰዓቱ ሲደርስ ዝናቡ አባርቶ ጀናዛዋ መጣች። ሰግደውባት ካበቁ በኋላ ሰይድና አጎቱ ጉድጓዱ ውስጥ ገብተው እናቱን ተቀበሏት። ትንሽ ሆና ነበር። እኔን ታዝለኝ የነበረች ሴት ናት። አስተኟት፤ በጠፍጣፋ ድንጋይ ከደኗት፤ በድንጋዮቹ መሀል ያለውን ቀዳዳ ሰይድ በጭቃ በእጁ መረገ። ቀስ ብሎ ነው የመረገው። አጎቱን በወዲያ በኩል ጎትተው አወጡት። ሰይድ ጥቂት ቆየና እያቀረቀረ አንድ እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። ማን እንደቆመ አላየም። የቆምኩት እኔ ነኝ።

ስድስት ዓመት ያንን ሰው በሐሳቤ ስንት ጊዜ ውኃ ውስጥ እንዳሰጠምኩት እግዚአብሔር ያውቃል። አሁን ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ እጁን ዘርግቶልኛል። አንድ እርምጃ ወደኋላ ብል ሌላ ሰው ይይዘው ነበር፤ ማንም አይታዘበኝም ነበር። ግን አፌ ቀደመኝ።

«ሰይድ፣ ያዝ» አልኩ።

በየጠዋቱ መስታወት ስወለውል እንደምጠራው ነው የጠራሁት። ድምፄን ሲሰማ ቀና አለ። እጁን ሊመልሰው ሲል አየሁ። ከዚያ ሰጠኝ።

ያዝኩት። ሳብኩት። ባለኝ ጉልበት ሁሉ ሳብኩት፤ ከልቤ ነበር። ግማሽ መንገድ እንደደረሰ የረገጠው አፈር ከእግሩ ሥር ተደረመሰ። ያ ሁሉ ክብደት በአንድ ጊዜ እጄ ላይ መጣ። መዳፉ ጭቃ ነው፣ መዳፌም ጭቃ ነው። ጣቶቹ በጣቶቼ መሀል አንድ በአንድ ሲወጡ ተሰማኝ። አሁንም ይሰማኛል። ተንሸራቶ ወርዶ እናቱ በተከደነችበት ድንጋይ አጠገብ በጀርባው ወደቀ።

ከኋላዬ አንዱ «ለቀቀው» ሲል ሰማሁ።

አያ መሐመድ ቀረብ ብለው አዩኝ። በዚያች ሰዓት ያዩኝን አስተያየት አልረሳውም።

«ግርማ» አሉኝ፣ «በእናቱ መቃብር ላይ?»

አመለጠኝ ልል አፌን ከፈትኩ። ወጣልኝም። ግን ማንም አላመነኝም። ስድስት ዓመት ሙሉ ጥላቻዬን በሱቅ በራፍ ላይ ሰቅዬ ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ማን ይመነኝ? ዙሪያዬን ብመለከት አንድም ዓይን ከእኔ ጋር አልነበረም። የማስቀው ከተማ ሁሉ እኔን እንደ ነፍሰ ገዳይ እያየኝ ነው።

ያን ጊዜ ከጉድጓዱ ውስጥ የሰይድ ድምፅ መጣ።

«አልለቀቀኝም፣ አያ መሐመድ። አመለጥኩት ነው።» ትንፋሹን ሰበሰበና ደግሞ፣ «አያያዙን አውቄዋለሁ። የሚለቅ ሰው አያያዝ አልነበረም» አለ።

ጭቃው ላይ በሆዴ ተኛሁ። በሁለት እጄ የእጁን አንጓ ጨበጥኩ፤ አያ መሐመድ እኔን በሁለት እግሬ ያዙኝ፤ እንደዚያ ሆነን አወጣነው።

አፈሩን መልሰን ስንጨርስ ሰዉ ተበተነ። እኔና ሰይድ ከመቃብሩ ራቅ ብላ ያለች ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ጎን ለጎን ተቀምጠን አናውቅም፣ ከስድስት ዓመት ወዲህ። የሐይቁ ጫፍ ከታች ይታያል። አንድ ሰው በደረቅ መሬት፣ በቀን ብርሃን፣ ያ ሁሉ ወንድ ቆሞ እያየ፣ ከጉድጓድ ማውጣት አቅቶኛል። እሱ ነፋስ በተነሣበት ውኃ ውስጥ፣ እንደ ዓሣ በሚያዳልጥ እጅ፣ ብቻውን ነበር። ይህን ለማወቅ ስድስት ዓመት ፈጀብኝ።

ያን ዕለት ለምን ለቀቅኩት አልከኝ ብዬ ጠየቅኩት። ለምን አመለጠኝ አላልከኝም?

«አመለጠኝ ብልህ» አለ፣ «ራሴን ላድን የምዋሽ መሰለኝ።»

ሁለታችንም አለቀስን። ጭቃ የተቀባ ጎልማሳ ሲያለቅስ ከማየት የከፋ ነገር የለም፣ ሁለት ሲሆን ደግሞ እግዜር ያሳያችሁ።

ከመቃብሩ በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ጭቃዬን እንኳ አልታጠብኩም። ከቅጽሩ ውጭ ቆሜ አባታችን ሆይ ጀመርኩ። ያቺ ቦታ ደረሰች። አልሳልኩም። አልኳት፣ ሙሉዋን፣ ደግሜም አልኳት። እፎይ እላለሁ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እፎይታ አልነበረም። ስድስቱ ዓመት ነው ፊቴ የቆመው። በሐዘኑ ላይ ከድንኳን ያስወጣሁት ሰው። አምስት ነሐሴ አግዳሚዬ ላይ ተቀምጣ የሄደች ሴት። አንዲት ነሐሴ፣ አንዷን ብቻ፣ ሰይድን ጥሪው ብላት ኖሮ! አሁን ብጠራው የምታይ እሷ የለችም።

በማግሥቱ ሰይድ ለቅሶ ቤት ሄጄ ቅሬው በተሰበሰበበት ይቅርታ ጠየቅኩት። ጉልበቱን ልይዝ ስል ብድግ አድርጎ ከጎኑ አስቀመጠኝ። መምሬ አስረስም ነገሩን ነግሬያቸው የቁርባኑን እገዳ አነሡልኝ፤ ጸሎቱን ግን እንዳላቋርጥ አዘዙኝ። አርባዋ ካለፈ በኋላ ሰይድ ሱቄ መጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ያ የውጫሌ ባለሙያ እንዴት አድርጎ እንዳበላሸው! የኋላውን በማጭድ ያጨደው ነበር የሚመስለው። ይህንንም ነገርኩት። ሳቀ።

መስከረም ሲጋመስ ጥላውን አሠራሁ። ባለወርቅ ዘርፍ፣ እንደተሳልኩት። ሰይድ እስከ መናኸሪያ አብሮኝ ተሸከመ። መንገድ ላይ ዝናብ ጣለብን፤ የማርያም ነውና አንዘረጋውም፣ ጥላ ይዘን እስከ አጥንታችን በሰበስን። ያኔ ስለቱ ምን እንደነበር ነገርኩት፤ ወይ ከከተማው ወይ ከዓለም ማለቴን ሳይቀር። ዘርፉን በእጁ ገለጥ አድርጎ ተመለከተ።

«ሸጋ ጥላ ነው» አለኝ። «ለዚህስ ብሄድም አይቆጨኝም ነበር።» ትንሽ ራመድ ካለ በኋላ፣ «እኔ ሳልሄድ ታዲያ ለምን ታስገባለህ?» አለ።

መናኸሪያ ስንደርስ አውቶቡሱ ሊነሣ ነበርና ጥላውን ተቀብዬው ገባሁ።

ግሸን ላይ ስለት ተቀባዩ ሰውዬ በድምፅ ማጉያ የእያንዳንዱን ሰው ስለት ይናገራል። ለአንዷ ልጅ ሰጥታታለች፤ የአንዱን ዓይን አብርታለታለች። ተራዬ ደረሰና ጥላውን ዘረጋሁ። ምን አድርጋልህ ነው፣ ወንድሜ፣ አለኝ።

«የለመንኳትን ከልክላኝ ነው» አልኩት።

የምቀልድ መስሎት ሳቀና ማጉያውን አልከፈተውም።

እኔና ሰይድ ከዚያ ሐምሌ ወዲህ አብረን ነን። ደረጀን ግን ማንም አልመለሰልኝም፤ ነሐሴ ሲገባ ወደ ሐይቁ ማየት አሁንም ያቅተኛል፤ እሸት ቋጥሮ አግዳሚዋ ላይ የሚቀመጥም የለም። አንዳንድ ጠዋት ጸሎት ላይ፣ እዚያችው ቦታ ስደርስ፣ ሳሉ ሊመጣ ጉሮሮዬን ይበላኛል። እንደዚያ ሲሆን አላልፋትም። አቆምና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።